ከጽዋው ጋር ቤት ለቤት ስለምትዞረው መኪናችን ለማኅበራችን ሙሴ የተጻፈ

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

በዚህች ከተማ፣ ከወደቡ እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሁሉ በታላቅ ክብር የማስታውቀው፣ የማኅበራችን መኪና የግራ በር ከሁለት ዓመት ከአራት ወር እንቢታ በኋላ ትናንት ከምሳ በፊት በሰላም ተከፍቶ፣ ማንንም ሳይጎዳ ተመልሶ መዘጋቱን ነው። ሲከፈት ያዩ ሁለት ምስክሮች አሉኝ፤ ሲዘጋ ግን ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የሚጠራጠር ቢኖር አልቀየምም።

ለክቡር አቶ ገብረማርያም ዘለቀ፣ የዐሥራ ሁለታችን የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኞች ሰብሳቢና ሙሴ፣ በወደብም የአንድ ሙሉ መጋዘን ቁልፎች ባለአደራ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴና ከወገቤ እንዲሁም ከመኪናዋ በቀር ደኅና ነኝ። የሚመጣው የክረምት ነፋስ አሸዋውን ከዓይንዎ ያርቅልዎ፣ ላብዎን ያድርቅልዎ፣ ቁልፎችዎንም ከዝገት ይጠብቅልዎ።

ይህ ደብዳቤ ዛሬ በማኅበሩ ፊት ከተነበበ በኋላ ግልባጩ በወይዘሮ ፋናዬ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን የማያውቅ አላፊ አግዳሚ ግራ እንዳይጋባ ከሥሩ ብጀምር ይፈቀድልኝ፤ እርስዎማ ሥሩም ግንዱም እርስዎው ስለሆኑ አያስፈልግዎትም።

የዛሬ አምስት ዓመት እኛ ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኞች ገንዘብ አዋጥተን፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪካዊ ጨው ነጋዴ ትንሽዬ መኪና ገዛን። ነጋዴው ከአንድ የፈረንሳይ ጡረተኛ የገዛት ነበረች፤ ጡረተኛው ከማን እንደገዛት ሳይናገር ነው አሉ ወደ መርከቡ የወጣው። ርካሽ ናት፣ ቤንዚን አታበዛም፣ ኪስ ለሳሳ ሰው ተብላ የተሠራች ናት ተባልን። ቀለሟም አማለለንና ‘ውብነሽ’ ብለን ስም አወጣንላት። የታመመ ማኅበርተኛ ወደ ሐኪም እንድታደርስ፣ ከባቡር እንግዳ እንድትቀበል፣ የሞተ ሲኖርም ለቀስተኛውን እንድታመላልስ ነበር አሳባችን። ‘እንግዲህ ማን ቤት ትቀመጥ?’ የሚል ክርክር ተነሥቶ ሦስት ሰዓት ሲፈጅ፣ ክቡርነትዎ ጢምዎን ደባብሰው ‘ጽዋው እንደሚዞር እሷም ትዙር’ አሉ፤ እኛም አጨበጨብን። ለጽዋ የበጀ ሥርዓት ለሞተር ይበጅ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም፣ ጠጁ ጥሩ ነበርና።

ሕጉም እንዲህ ተጻፈ፦ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ጽዋውን የሚረከብ ተረኛ መኪናዋንም ይረከባል፤ በእሱ ወር የተሰበረውን ራሱ ያሠራል። ይህ በወረቀት ላይ ሲያዩት ከሰሎሞን ፍርድ አያንስም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐሥራ ሁለት አስተዋይ ሰዎች ተመካክረው የማያውቁትን ያህል በአንድ አሳብ ጸኑ፤ ‘በእኔ ወር ሳትሰበር ትለፍ እንጂ በሚቀጥለው የፈቀደችውን ትሁን’። ጥገና ቀረ፣ ሽንገላ መጣ። አንዱ የሚያንኳኳውን በጨርቅ ጠቅጥቆ ያስረክባል፤ ሌላው የሚያፈሰውን በሙጫ፤ ሦስተኛው ደግሞ ወሩን ሙሉ ሳይነካት ከርሞ ‘ይኸው እንደ ተቀበልኳት’ ይላል። ጳጉሜን የማን እንደሆነችም ሕጉ ስላልተናገረ የነሐሴው ተረኛ ‘እኔ የተረከብኩት ሠላሳ ቀን ነው’ እያለ በየዓመቱ አምስት ቀን መንገድ ላይ ያቆማታል። ማንም ስለማይጠግናትም ስለማይሸነግላትም፣ በዓመት ውስጥ ጤና የምታገኘው በነዚያ ቀናት ነው።

ዛሬ የእኔ ወር ማብቂያ ነው። ማኅበርተኞች ቤቴ ተሰብስበዋል፣ ጽዋውን ከነመኪናዋ የሚረከበኝም ክቡርነትዎ ነዎት። ባለፈው ማክሰኞ በላኩልኝ የተከበረ ወረቀትም መኪናዋ በማኅበሩ ዕለት ታጥባ፣ ተጠግና፣ ከደጃፌ ንቅንቅ ሳትል እንድትጠብቅዎት አዘዋል። እጅ ነሥቼ ተቀብያለሁ። ጽሕፈትዎ ያምራል።

እኔ ደግሞ በዚያው ዕለት አንዲት ትንሽ ልመና ልኬ ነበር። የልጅ ልጄ እልፍነሽ የአምስት ወር ልጇን ይዛ ዛሬ ከድሬዳዋ በሚመጣው ባቡር ትገባለች፤ ባቡሩም ማኅበሩ ተቀምጦ ሳለ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ‘ለግማሽ ሰዓት ብቻ መኪናዋን ይፍቀዱልኝ፣ ልጄን ከጣቢያ ላምጣት፣ ከዚያ ውብነሽንም በረከቴንም ይውሰዱ’ አልኩ። መልስዎ ፈጥኖ ደረሰኝ፤ ‘ሕግ ሕግ ነው አቶ ወልደየሱስ፤ ልጅቱ በጋሪ ትምጣ፣ ጋሪ የገደለው ሰው የለም’ ይላል።

እውነት ነው፣ ጋሪ ሰው አይገድልም። ነገሩ ሌላ ነው። እልፍነሽን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ አልጋነሽ ነን። የዛሬ ሦስት ዓመት የድሬዳዋ ሰው ሲያገባት፣ በመኪና አጅበን ወደ ባቡር እንሸኛታለን ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ነበር። ታዲያ ወሩ የክቡርነትዎ ሆነና ውብነሽ በመርከብ ሸራ ተሸፍና፣ በወደብ ሰንሰለት ታስራ፣ ቁልፉም ከሌሎች ቁልፎችዎ ጋር ወገብዎ ላይ ነበር። ያኔም ሕግ ሕግ ነበር። ስለዚህ በዚያች ዕለት ጅቡቲ ሁለት ሙሽሮች ነበሯት፤ አንደኛዋ ተሸፍና ግቢዎ ውስጥ ተቀመጠች፤ ሁለተኛዋ፣ የእኔይቱ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ሁለተኛው ካርቲየ ከሚባለው ሰፈራችን እስከ ጣቢያ በእግሯ ሄደች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብቅ ብላ ‘አባባ፣ ግድ የለም፣ እግሬን አፍታታሁበት’ ብላ ሳቀችልኝ። እኔም ስትመለሺ በመኪና ነው የምቀበልሽ ብዬ እየሮጥኩ ማልኩላት። ስሮጥ የታየሁት ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህን መሐላ ለመፈጸም ስል ወሩን ሙሉ ውብነሽን ሳስታምም ከርሜያለሁ። የታመመችውን ሁሉ ለእርስዎ ባላሳውቅ ግን ምስጋና ቢስ እሆናለሁና፣ በየተራ እነሆ።

አንደኛ፤ ከእኔ በፊት ተረኛ የነበሩት፣ ይህንንም ደብዳቤ የሚያነቡላችሁ ጸሐፊያችን አቶ እሸቴ (እዚህ ቦታ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ እንዳያደርጉ በትሕትና እለምናለሁ)፣ የሚያፈሰውን ራዲያተሯን ከማስበየድ ይልቅ ሁለት ጣሳ የተወቀጠ ተልባ አፍስሰውባት አስረክበውኛል። ተልባው ቀዳዳውን ደፈነው፤ መድፈንስ ደፈነ፤ ይሁን እንጂ ቀዳዳ ከቀዳዳ መለየት ስላልተማረ ውሃው የሚመላለስበትንም ሁሉ ደፈነው። በሦስተኛው ቀን ዓሣ ገበያው ዳር ስትደርስ ፈላች፣ ክዳኗ እንደ ጥይት ተስፈነጠረና የተልባው ገንፎ በሰሌን ላይ በተዘረጋው ዓሣ ላይ ዘነበ። የዓሣው ባለቤት ሂንድ የምትባል የመናዊት ናት፤ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችውና ‘ጨው ጎድሎታል፣ ያ ሐጅ’ አለችኝ፤ በዐረብኛ ሽማግሌን ማክበሯ ነው። ማንም ሐጅ ብሎኝ አያውቅም፤ ዓሣውን በሙሉ ገዛኋት። ቤታችን ለአራት ቀን ከዓሣ ሌላ አልተበላም። አቶ እሸቴ፣ ስለዚያ ዓሣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ የባሕሩ ጨው ወለሏን በልቶት ኖሮ አንድ ደግ ማኅበርተኛ በቀዳዳው ላይ ሰሌን አንጥፎበታል። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ሰሌኑ ላይ ስሙ ተጽፏል። ባለቤቴን አልጋነሽን አሳፍሬ ስሄድ ሰሌኑ ሸሸና የቀኝ ጫማዋ ሽው ብሎ መንገድ ላይ ቀረ። ‘አቁም!’ ስትለኝ ማቆም በአራተኛው ቅሬታ በማስረዳው ምክንያት አልተቻለም። ጫማውን ከኋላችን የጨው ግመሎች የሚነዳ አንድ አፋር አንሥቶ፣ እየተንደረደርን የነበርነውን እኛን በዝግታ ደርሶብን በመስኮት አቀበላት። አልጋነሽም ‘አንተ ሰውዬ፣ ከእኔና ከዚህች መኪና የማን ጉልበት ቀድሞ እንደሚከዳ አብረን እናያለን’ አለችኝ። ግመሉም ያየኝ መሰለኝ።

ሦስተኛ፤ ጎማዎቿ። አራት ናቸው ብለው አስረክበውኛል፤ ስቆጥራቸውም አራት ናቸው። በዚህ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ በጎማዎቹ ላይ ስለተለጠፈው ነው፤ የራሳቸው ከሆነው የተለጠፈው ይበልጣልና። በኋላ ግራው ላይ የአንድ ሰው የጫማ ሶል ከነምስማሩ አግኝቻለሁ። ምስማሩ ጎማውን እየወጋ፣ ጎማውም እየተነፈሰ፣ ተረኛውም እየለጠፈ ሲኖሩ ሦስቱም ሥራ እንዳልፈቱ ተረድቼ ተደነቅሁ።

አራተኛ፤ ፍሬኗ ቀደም ብሎ ካልተነገረው አይሰማም። ገበያው ጋ ለመቆም መስጊዱ ጋ መርገጥ ያስፈልጋል፤ መስጊዱ ጋ የረሳ ሰው የሚቆመው ባሕሩ ጋ ነው። ወደ ዓብዱልመጂድ ወሰድኳት። ዓብዱልመጂድ የሐረር ሰው ነው፣ ወደቡ ጀርባ መኪና የሚጠግን፣ እጁ የተባረከ፣ ምላሱ ያልተባረከ። ሥሯ ተኝቶ ሲያያት ቆየና ‘አባባ’ አለኝ፣ ‘ይህቺን ለእኔ ከምታመጧት ለቄሳችሁ ብትወስዷት ይሻል ነበር፤ እኔ የማውቀው መጠገን ነው፣ ማናዘዝ አላውቅም።’ ስንት ሰው እንደያዛት ሲጠይቀኝ ዐሥራ ሁለት አልኩት። ‘ዐሥራ ሁለት ባል ያላት ሴት እኮ ጦም አዳሪ ናት’ ብሎ ተነሥቶ እጁን ጠረገ። ይህን አባባል ለሕጋችን መግቢያ እንዲሆን አቀርባለሁ።

አምስተኛ፤ ጥሩምባዋ የሚጮኸው ወደ ግራ ስትታጠፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያለው ሕዝብ የሚሸሸው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ስድስተኛ፤ ስለ ቤንዚኗ ቆጣቢነት የተነገረን ሁሉ እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ። ምክንያቱም ከመንገዱ እኩሌታውን የምትሄደው ተገፍታ ነው። የሚገፏት ስድስት የሱማሌ ወደብ ሠራተኞች ናቸው፤ እየዘፈኑ ይገፋሉ፣ ሲጨርሱም ምሳ ይበላሉ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ቤንዚን በጠርሙስ ይለካል፣ የስድስት ወደብ ሠራተኛ ምሳ ግን በምን ይለካል? በልተው ሲነሡ ታላቃቸው ትከሻዬን መታ አድርጎ ‘ሽማግሌው፣ ነገም ትበላሽልህ’ ብሎ መረቀኝ። ምርቃቱም ያዘ።

እንዲህ እንዲህ እያልን እኔና ዓብዱልመጂድ ሠላሳ ቀን ሙሉ ተልባውን በሽቦ ስንፍቅ፣ ወለሉን በቆርቆሮ ስንደፍን፣ ፍሬኗን ስንመክረው ከረምን። ወጪውን እዚህ አልዘረዝርም፤ አልጋነሽ ከትከሻዬ በላይ ሆና ስለምታነብ። ብቻ ከአምስት ዓመት ወዲህ ይህችን መኪና ለሚቀጥለው ሰው ሳይሆን ለራሱ ብሎ ያሳከማት የመጀመሪያው ሞኝ እኔ መሆኔን ማኅበሩ በመዝገቡ ያስፍርልኝ። ክቡርነትዎም ዛሬ የሚረከቡት የዚያን ሞኝነት ፍሬ ነው፤ ሸራና ሰንሰለትዎን ይዘው እንደመጡ አልጠራጠርም።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ሳልወድ የምነግርዎ ነው። ዛሬ ጠዋት የመኪናዋ ማኒቬላ ጠፋ። ይህ ሞተሩን ከፊት ለፊት በእጅ አዙረን የምናስነሣበት የብረት ዘንግ መሆኑን መኪና ለማያውቅ አንባቢ እገልጻለሁ፤ ያለ እሱ ውብነሽ ከተቀመጠች ድንጋይ አትለይም። ምናልባት ከባሕሩ ዳር ሳጥባት ወድቆ ይሆናል፤ ምናልባትም የጎረቤት ፍየሎች ጎትተውት ይሆናል፤ ምን የማይበሉት ነገር አለ። ስለዚህ መኪናዋ፣ ልክ እንደታዘዘው፣ ከደጃፌ ንቅንቅ አትልም። እልፍነሽም ልክ እንደታዘዘው በጋሪ ትመጣለች። እኔ ራሴ በመካከላችሁ ያልተገኘሁት በዚህ ዕድሜዬ ጎንበስ ብዬ በባሕሩ ዳር አሸዋ ውስጥ ብረት ስለምፈልግ ነው። በእኔ ምክንያት ማንም እንዳይጉላላ፣ ጠላውን አልጋነሽ ትቀዳለች፤ ዳቦውም ትልቁ ሙልሙል ከክቡርነትዎ ፊት እንዲቀመጥ አዝዣለሁ።

ለሕግ ያለዎት ፍቅር ለሰው ካለዎት ይበልጣል ብለው የሚያሙዎትን ሁሉ እኔ በየሄድኩበት እከራከራቸዋለሁ፤ ለሕግ ያለዎት ብቻ በቂ ነው እያልኩ። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ቁልፎችዎ ይብዙ፣ ከቁልፎቹም አንዱ እንኳ አንድ ቀን የሚከፍተው ነገር እንዲያገኝ ጸሎቴ ነው።

በዕድሜ ታላቅዎ፣ በማዕርግ ታናሽዎ፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ ድንጋይ ተሸክሜ ወደዚህች ከተማ የገባሁና ከዚያ ወዲህ ከዚህች መኪና የከበደ ያልተሸከምኩ፣ ታዛዥዎ፣

ወልደየሱስ ካሣዬ
ሁለተኛው ካርቲየ፣ ከጉድጓዱ ውሃ ማዶ

ማስታወሻ፦ ለማኅበሩ የተላከ ጽሑፍ ተነብቦ ሳያልቅ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሣ ደንብ ያወጡት ክቡርነትዎ ስለሆኑ ደብዳቤውን በመጠኑ አስረዝሜዋለሁ። ከመካከላችን ፊደሉን አንድ በአንድ እንደ ጥሬ የሚለቅሙት አቶ እሸቴ ስለሆኑም እሳቸው እንዲያነቡልኝ አጥብቄ ለምኛለሁ። ስለ ጎማዎቹ ሲነበብ ከውጭ ኮቴ ሰምተው ከነበረ፣ ስድስቱ ወደብ ሠራተኞች ናቸው፤ ሳይዘፍኑ መግፋት መቻላቸውን እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት። ስለ ጥሩምባው ሲነበብ ከመንገዱ ማዶ እንደ ሳል ያለ ነገር ሰምተው ከነበረም፣ የሳለው ሰው አይደለም። ይህን መስመር በሚሰሙበት ሰዓት ዓብዱልመጂድ መሪውን ይዟል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ባቡሩም ወደ ጣቢያው እየገባ ነው። መቀጫውን እርስዎ ይወስኑ፤ እኔ ግን ያ የእልፍነሽ ሕፃን በመኪና ሲገባ ዓይኑን ካየሁ በኋላ ነው የምሰማዎት። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ፣ ተልባውም ግመሉም ሳይቀር፣ እውነት ነው፤ ከራሴ የፈጠርኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ማኒቬላው አልጠፋም።